የቦሎኛው ሳህን

አክሊሉን ያገኙት ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ነው። በጀርባው ወድቋል፤ አንድ እጁ ወደ ወይኑ መደርደሪያ ተዘርግቷል። ከላይ፣ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ ፎቶግራፍ ከፕሮጀክተሩ አሁንም እንደበራ ነበር። እንግዶቹ በልተው ጨርሰው፣ ሰውየው ወይን ይዞ እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። የመጣላቸው ግን የወጥ ሠሪዋ የሃሴት ጩኸት ነው።

መርማሪ ኑሪያ አፍጥራ ገና ከማዕድ ሳትነሳ ነው የተጠራችው። ረመዳን ነበር። የክርስቲያኖቹም ሁዳዴ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተው፣ በሬይኒየር ጎዳና ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ጭር ብለው ይውሉ ነበር። የአክሊሉ ቤት ግን ዓርብ ማታ ሙሉ ነበረች።

አክሊሉ በሲያትል ሐበሻ ዘንድ የታወቀ ሰው ነው። በወጣትነቱ ቦሎኛ ኖሯል፤ እዚያ ሳህን አጥቧል፣ ሊጥ ዳምጧል፣ በኋላም እንግዳ አስጎብኝቷል። ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ ጣሊያን ወርደው ጥቂት ቀን እንዲያዩ የሚወስዳቸው እሱ ነው። ከጉዞው በፊት ግን መንገደኞቹን በዚች ጠባብ ቤት ሰብስቦ ያበላቸዋል። እያበላም ያስተምራል። በጣሊያን አገር የጣሊያን ምግብ የሚባል የለም ይላቸዋል፤ ያለው የየክፍለ ሀገሩ ምግብ ነው። ሚላኖ ወርዶ የናፖሊን ምግብ የሚያዝ ሰው፣ ሐረር ሄዶ የጉራጌ ክትፎ አምጡልኝ እንደሚል ነው። ከምሳ በኋላ ወተት ያለው ቡና አትዘዙ፣ ይታዘቧችኋል። የቤቱን ወይን ጠይቁ፤ ከዚያው ተራራ የወረደ ነው። ሰው እየሳቀ ይሰማዋል። ጣሊያን ደርሶ ግን ልክ ነበር ይላል።

ሳጅን ሃልቨርሰን ቀድሟት ደርሷል። ረዥም፣ ፊቱ ቀይ፣ ጡረታው የቀረበ ሰው ነው፤ ነገር ሲወሳሰብ አይወድም። ወድቆ እንደሆነ ገምቶ ነበር። ሐኪሙ ግን የሸሚዙን ኮሌታ አሳየው፤ ተቀዷል። የላይኛው ቁልፍ በአቧራው ውስጥ ተገኘ። አንድ ሰው ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞታል፣ ከዚያም ገፍቶታል ወይም ለቆታል። የገደለው የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ነው።

ኑሪያ በእጅ ባትሪዋ ምድር ቤቱን ዞረች። መግቢያው ሁለት ነው፤ አንዱ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ካለው ኮሪደር የሚወርደው ደረጃ፣ ሌላው ከኋላ ወደ ጓሮ መንገዱ የሚያወጣው በር። የጓሮው በር ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በመወርወሪያ ይከፈታል፤ አሁን ገርበብ ብሏል። የመደርደሪያው የታችኛው ክፍል ባዶ ነው። በአቧራው ላይ የካርቶን ቅርጽ ቀርቷል።

ሃሴት ወጥ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሽርጧ በደም ተነክሯል። አንገቱን ደግፌ ላነሳው ሞክሬ ነው አለች።

ሃልቨርሰን ኑሪያን ወደ ጥግ ወስዶ የሰበሰበውን ነገራት። ከሰዓት በኋላ አክሊሉና ሃሴት ተጣልተዋል፤ ጩኸታቸውን የጎን ሱቅ ሰምቷል። የጓሮው በር ቁልፍ ያለው በሁለቱ እጅ ብቻ ነው። እሱ ሲወርድ ወጥ ቤት የነበረችው እሷ ናት፤ ከወጥ ቤት እስከ ደረጃው ሁለት እርምጃ ነው። ደሙም እሷ ላይ ነው።

«ምን ቀረን?» አላት።

«ካርቶኑ» አለች ኑሪያ። «ምን ነበረበት? የት ሄደ?»

ሃልቨርሰን ትከሻውን ሰበቀ።

እንግዶቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ችግሩ ጨለማው ነበር። ፓስታው ሲቀርብ አክሊሉ መብራት አጥፍቶ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ያሳያቸው ነበርና፣ ማን በወንበሩ እንደነበረ፣ ማን እንዳልነበረ ምሎ የሚናገር ጠፋ። የሁሉም ዓይን ቦሎኛ ላይ ነበር።

ጋሽ መንግሥቴ ግን ረጋ ብለው መለሱ። ከስድሳ ያለፉ፣ ጢማቸውን በሥርዓት የከረከሙ፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ያጣፉ ሰው ናቸው። ከጣሊያን ወይን እያስመጡ ለምግብ ቤትና ለሠርግ ያከፋፍላሉ፤ ለአክሊሉም ወይን የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በሁዳዴ ወይን አይቀምሱም። ኑሪያ እንደምትጾም ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«አንቺም በጾም፣ እኛም በጾም» አሉ። «እንዲህ ባለ ቀን ደም ማየት። ምን ዘመን ነው ልጄ።»

ከፓስታው በፊት እጃቸውን ሊታጠቡ ተነስተው እንደነበር አልደበቁም። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላሉም። አክሊሉ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው እየበሉ ነበር። ሪባን የመሰለ ሰፊ ፓስታ ነው፤ በእንጉዳይና በወይራ ዘይት የተሠራ። ሃሴትን የሚወቅሱበት የላቸውም። ለጾመኛ እንዲህ አጣፍጣ የምትሠራ ልጅ ሰው ትገድላለች ብሎ ማን ያምናል አሉ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

አጠገባቸው የተቀመጡት አዛውንት፣ እትዬ ሙሉወርቅ፣ ቃላቸውን አጸኑላቸው። መብራቱ ሲበራ መንግሥቴ ጎናቸው ተቀምጦ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ነበር። ሃልቨርሰን የጋሽ መንግሥቴን ስም ከዝርዝሩ ሰረዘ።

አንድ ወንበር ባዶ ነበር። የዱሬሳ።

ሃሴትን በዚያው ማታ ወሰዷት። ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት እስከ ሰኞ ጊዜ ነበረው።

*

ዱሬሳ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ የሚኖረው ኬንት፣ መጋዘኖቹ በሚበዙበት ሰፈር። ቅዳሜ ጠዋት ኑሪያ ስትደርስ መኪናው ሥር ተጋድሞ አንድ ነገር ያጠብቅ ነበር። ሲያያት ቶሎ አልወጣም።

ከማዕድ ተነስቶ ሳይመለስ መቅረቱን ስትጠይቀው መኪና ሙቭ ላደርግ ወጥቼ ነው አላት። የት ፓርክ እንዳደረገ ጠየቀችው። አንዴ በስተደቡብ አለ፣ አንዴ በስተሰሜን አለ። ሚስቱ በመስኮት ታያቸው ነበር። ኑሪያ ይህን አይታ በመኪናው ማዶ ዞረች፤ እሱም ተከተላት።

«ዱሬሳ፣ አክሊሉ ሞቷል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«አንዲት ሴት በሱ ታስራለች። አንተ ደግሞ ለፓርኪንግ ትዋሸኛለህ።»

ዱሬሳ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲጋራ እያጨስኩ ነበር። ኦኬ? ትቻለሁ ብዬ ለሷ ምያለሁ። ሰዎች ፊት፣ ቸርች ውስጥ ነው የማልኩት። ሶ፣ የፖሊስ መዝገብ ላይ አጫሽ ብለሽ ከጻፍሽኝ እኔንም ከአክሊሉ ጋር ቅበሪኝ።»

ያጨሰው ከምግብ ቤቱ ጎን ካለው የቬትናማዊ ሱቅ ፊት ነው። ክብሪት የሰጠው ባለ ሱቁ ነው። ከዚያ አምቡላንስ እስኪመጣ ስለ መኪና ሞተር ሲያወሩ ቆይተዋል። ኑሪያ ወደ ሲያትል ተመልሳ ሱቁን ጠየቀች፤ እውነት ነበር። ባለ ሱቁ እንዲያውም ሰውየው ክብሪቱን ይዞብኝ ሄደ ብሎ አማረረ።

ጓሮውን አይቶ እንደሆነም ባለ ሱቁን ጠየቀችው። ሰው አላየም። የመኪና የኋላ በር ሲዘጋ ግን ሰምቷል፤ ከባድ በር ነው። በዚያ መንገድ ላይ መኪና አዲስ ነገር ስላልሆነ ዞር ብሎ አላየም።

*

የእስር ቤቱ መጠየቂያ ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበረው። ሃሴት ብርቱካናማ ልብስ ለብሳለች፤ እጅጌው ይረዝማታል። ማልቀስ ጨርሳ ደርቃለች።

ስለ ጥሉ ጠየቀቻት። ሃሴት ሳትደብቅ ነገረቻት። ታኮማ ያለ አንድ የሆስፒታል ወጥ ቤት ቀጥሯታል፤ የጤና መድን ይሰጣል። አክሊሉን ልለቅ ነው ስትለው ጮኸባት። እሷም ጮኸች። ኋላ፣ ማምሻውን፣ ሊጡን ስትዳምጥ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ እኔም ቦሎኛን ስለቅ አስተማሪዬ እንዲህ ጮኾብኝ ነበር አላት። በዚያ ታረቁ። ማንም አላያቸውም።

«የጤና መድን ለምን አስፈለገሽ?»

«ለልጄ።»

ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ልጇ ሶልያና አልተወለደችም ማለት ይቻላል፤ እቅፍ ውስጥ ነበረች። የልጅቱ ወረቀት ስሕተት ነበረበትና ከአያቷ ጋር አዲስ አበባ ትታት መጣች። ከዚያ ወዲህ ያቀረበችው ማመልከቻ ሁሉ ሲመለስ፣ ሲቆይ፣ ሲመለስ ኖሮ አሁን የኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ለመጪው ረቡዕ ተቀጥሯል። ሰኞ ክስ ከተመሠረተ አመልካቿ በነፍስ ግድያ የተከሰሰች ናት። ረቡዕ የሚባል ነገር አይኖርም።

«እዚህ ብዙ ዓመት ብታሰር አልፈራም» አለች ሃሴት። «የምፈራው ልጄ እናቴ ትመጣና ትወስደኛለች ብላ መጠበቋን ነው። ተዪ ብሎ የሚነግራት ሰው የለም። እናቴ አትችልም።»

ኑሪያ ቃል አልገባችላትም። ቃል መግባት ልማዷ አይደለም። ዓርብ ማታ የሆነውን ከመጀመሪያው እንድትነግራት ብቻ ጠየቀቻት፤ የታሰበውን ሳይሆን የቀረበውን።

ሃሴት ስለ ምግብ መናገር ስትጀምር ፊቷ ተለወጠ። አክሊሉ ማዕዱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚያወርደው አለች። መጀመሪያ ከሊጉሪያ የሽምብራ ዱቄት ቂጣ ነው፤ በምጣድ ሳይሆን በሰፊ ትሪ እቶን ውስጥ የሚጋገር። ሰው ሲቀምሰው ሽሮ ነው እኮ ይላል። ቀጥሎ የቦሎኛ ፓስታ፣ ከዚያ የፑሊያ፣ መጨረሻ ላይ የሲሲሊ ደበርጃን በሆምጣጤና በስኳር። አክሊሉ አንድ ሕግ ነበረው። ሳህን በሰው ሁሉ ፊት ይቀርባል፤ ሹካ ግን አይነሳም። መጀመሪያ እሱ ቆሞ የሳህኑን አገር ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ ብሉ ይላል።

«ዓርብም እንዲሁ አደረገ?»

«እንዲሁ። ሳህኖቹን በጨለማ ደረደርኩ፤ የሰው ፊት አላየሁም። እሱ መናገር ሲጀምር ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ፤ የፑሊያው ውሃ እየፈላ ነበር። ጠርቶኝ ወጣሁ፣ የዘረጉልኝን ሳህን አነሳሁ፣ ሌላ አመጣሁ። ከዚያ ባሮሎ ላምጣ ብሎ ወረደ።»

ባሮሎ ምን እንደሆነ ኑሪያ አታውቅም ነበር። ወይን ነው አለቻት፤ በሰሜን ምዕራብ ካሉ ኮረብቶች የሚመጣ፣ ብዙ የሚቆይ፣ የተከበረ። አንድ ካርቶን ነበር። በዚያ ሳምንት አክሊሉ አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ ቀመሰና ቀሪውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋው። ለምን ብላ ጠየቀችው። አልመለሰላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚያስበው ነገር ነበረው።

ኑሪያ ስትወጣ የመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ሁሉ ሸተታት። ፀሐይ ለመግባት ገና ብዙ ቀርቷት ነበር።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሙሉወርቅን ለማየት ማውንትሌክ ቴራስ ሄደች። ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ እየጮሁ ደረጃውን ይወጡና ይወርዱ ነበር። እትዬ ሙሉወርቅ በአማርኛ ይገሥጿቸዋል፤ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ወገን ተግባብቷል።

ጣሊያን የመሄድ ሐሳብ የልጃቸው ነበር። እሳቸው ግን አክሊሉን ከሰሙ በኋላ ጓጉተው ነበር። አሁን ማን ይወስደኛል አሉ፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ።

ኑሪያ ከሃሴት የጀመረችውን ቀጠለች። አክሊሉ ስለ ቦሎኛው ሳህን ምን አለ?

«እሱማ ጾማችንን አዳነ፣ ነፍሱን ይማርና» አሉ። «ሳህኑ ቀርቦ፣ ሽታው እኔን ገድሎኝ፣ ሹካዬን አንስቼ ነበር። በዚህ መሐል በሰሜን በኩል የፓስታ ሊጥ የሚቦካው በእንቁላል ነው፣ በደቡብ በውሃ ነው አለ። ይህ የሰሜን ነው፤ ጾመኞች እጃችሁን ሰብስቡ፣ የእናንተ ከፑሊያ እየመጣ ነው አለን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስንቱ ዓመት ፓስታ ጾም ነው ስንል ኖረን። ልጅቱ ሳህናችንን አነሳች፤ እንደ ጆሮ ያለ ድቡልቡል ፓስታ በጎመን አመጣችልን። ከዚያ እሱ ወረደ።»

ኑሪያ ያደገችው አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርተው ነው። ዓርብ ዓርብ እናቷ ለነሱ የምትልከው ፓስታ በቲማቲም ስጎ ነበር። እሱ ይበላል። ሌላው ይመለሳል። ማንም አላስተማራትም፤ ሳህን በማመላለስ ያወቀችው ነው።

«ጋሽ መንግሥቴስ ሳህናቸው ተቀየረ?»

«በጨለማ ማን ያያል? ግን ምን ጥርጥር አለው። መንግሥቴ እንኳን እንቁላል፣ በቡናዬ ጠብታ ወተት አይቶ አንድ ጊዜ ሰው ፊት አዋርዶኛል። እንቁላል መኖሩን ሰምቶ የሚበላ ሰው አይደለም።»

ኑሪያ አመስግና ወጣች። በእስር ቤቱ በኩል አልፋ ሃሴትን ስለ ሊጡ ጠየቀቻት፤ ከዚያ ወደ ቢሮ ሄዳ የዓርብ ማታ ፎቶግራፎችን አወጣች። ሃልቨርሰን እንደ ደንቡ የጠረጴዛውን እያንዳንዱን ቦታ ፎቶ አስነስቶ ነበር፤ ሳህን በሳህን። ከፎቶግራፎቹ ጥቂቶቹን ለየች። ለሃልቨርሰን ደወለችለትና ነገ ማለዳ ኬንት እንገናኝ አለችው። ለምን ሲላት፣ ስለ ፓስታ ነው አለችው።

«እሑድ ነው ኑሪያ» አለ ሃልቨርሰን። «ቤተሰቤ ዘንድ ነኝ። በነፍስ ግድያ ላይ ፓስታ ትለኛለሽ።»

«አዎ» አለች።

*

የጋሽ መንግሥቴ መጋዘን ኬንት ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ሰኞ ማለዳ በሩ ተከፍቶ ነበር። አንድ ነጭ ቫን በፊቱ ቆሟል፤ የኋላ በሩ ሁለት ተካፋች፣ ከባድ ነው። እሳቸው ከካርቶኖቹ መካከል ቆመው ነበር። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። ሃልቨርሰን ከኋላዋ ሲመጣ ፈገግታው ቀነሰ።

ኑሪያ እንደ ሕጉ መብታቸውን ነገረቻቸው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ዝም የማለት መብት እንዳላቸው፣ ጠበቃ መጥራት እንደሚችሉ። እሳቸው በእጃቸው አጣጣሉት። የሚደብቁት ነገር እንደሌለ ተናገሩ።

«ዓርብ ማታ የበሉትን እንደገና ይንገሩኝ።»

«ነግሬሽ የለም፣ ልጄ። ያ ሰፊው ፓስታ። እንጉዳይ ያለበት።»

«አክሊሉ ሲወርድ እሱን ነበር የሚበሉት?»

«እሱኑ።»

«ሳህኑ ሲቀርብ አክሊሉ ምን አለ?»

ጋሽ መንግሥቴ ጥቂት አሰቡ። አክሊሉ መቼም የማያወራው ነገር የለም አሉ፤ ስለ ቦሎኛ ነው፣ ስለ ሕንጻው፣ ስለ ቅስቱ። እሳቸው ብዙ ጊዜ ሰምተውታልና ልብ አላሉትም።

ኑሪያ ፎቶግራፎቹን በአንድ ካርቶን ላይ ዘረጋች።

«ይህ የእትዬ ሙሉወርቅ ሳህን ነው። ይህ የጎረቤታቸው። ይህ ከማዶ የተቀመጡት ዲያቆን። የተረፈውን ይዩት። ሁሉም እንደ ጆሮ ያለ ነው፣ ከጎመን ጋር። ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው።»

በሳህኑ ጠርዝ ላይ አንድ ቢጫ የፓስታ ሪባን ተጣብቆ ነበር።

«ታዲያስ?» አሉ። «እኔ በላሁ አልኩሽ። አልካድኩም።»

«ከጾመኞቹ መካከል ይህን የበሉ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ፓስታ ነው። ፓስታ ጾም ነው።»

«የደቡቡ ጾም ነው» አለች ኑሪያ። «የቦሎኛው ሊጥ የሚቦካው በእንቁላል ነው። አክሊሉ ሳህኑ እንደቀረበ ቆሞ ይህን ተናገረ። ጾመኞች እጃችሁን ሰብስቡ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሳህን ተነሣ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ ነው የወረደው። በዚያች ቤት ያን ያልሰማ ጾመኛ፣ በዚያች ሰዓት ከወንበሩ ያልነበረ ሰው ብቻ ነው።»

ከውጭ ባቡር እያለፈ ነበር። ሃልቨርሰን አማርኛ አያውቅም፤ ግን የሰውየውን ፊት እያየ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ጋሽ መንግሥቴ የሰሙት የመጨረሻውን ቃል አልነበረም።

«እንቁላል ነበረው?» አሉ።

«ነበረው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሊጡን ያቦካችው ነግራኛለች። ውሃ አልነካውም።»

ሽማግሌው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ አሁን የዋጡትን ሊመልሱ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«ትናንት ቆሜ አስቀደስኩ» አሉ። «ስገድል ገደልኩ፣ ቢያንስ ጾሜን አልገደፍኩም እያልኩ። ሌሊቱን ሁሉ የያዝኩት እሱን ነበር። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።»

ሃልቨርሰን ምን አለ ብሎ ሲጠይቃት እጇን አነሳችበት፤ ይቆይ ማለቷ ነው።

ከዚያ ሳይጠየቁ ተናገሩ። ባሮሎው ባሮሎ አልነበረም። ርካሹን ወይን እዚሁ መጋዘን እየቀዱ፣ የተከበረውን ስም እየለጠፉ ለዓመታት ሸጠዋል፤ በየሠርጉ ሰው ጠጥቶ አመስግኗቸዋል። አንድም ሰው አልነቃም። አክሊሉ ግን በዚያ አገር የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ቀምሶ አወቀው። ዓርብ ማታ ሲመጡ በር ላይ ተቀብሏቸው፣ ዛሬ ያንተን ወይን ሰው ፊት አብረን እንቀምሳለን አላቸው። በፈገግታ ነበር ያላቸው። ያ ፈገግታ ነው ያስፈራቸው። መብራቱ ሲጠፋ በኮሪደሩ ወርደው የጓሮውን በር ከውስጥ ከፈቱ፤ ካርቶኑን ቫናቸው ላይ ጫኑ። ደረጃውን ሊወጡ ሲመለሱ አክሊሉ እየወረደ ነበር።

«ኮሌታውን ይዤ ለመንኩት» አሉ። «ለሰው አትንገር አልኩት። መንገደኞቼን አላታልልም፣ ነገ እዚያ አገር ደርሰው እውነተኛውን ሲቀምሱ ምን ይሉኛል አለኝ። ጨለማ ነበር። ልቀቀኝ ብሎ ታገለኝ። ለቀቅኩት።»

«ሲወድቅ ይተነፍስ ነበር?»

«አላየሁም። ላይ አልፈለግሁም።»

«ከዚያ ወጥተው በሉ።»

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሹካ ብይዝ ያርፋል ብዬ። ሳህን ፊቴ ነበር። ቀዝቅዞ ነበር። ግን ጣፋጭ ነበር።» ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። «ያች ልጅ ስትታሰር ዝም አልኩ። እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። ጠርሙሶቹን ራሳቸው አሳዩዋቸው፤ ከጥጉ ላይ፣ በሸራ ሥር ነበሩ።

ሃልቨርሰን መኪናው ውስጥ ሲገባ ፓስታው እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ አላት። መንገዱን ሁሉ አስረዳችው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ለምን ለእንቁላሉ የበለጠ እንደደነገጠ ጠየቃት። ለእንቁላሉ አይደለም አለችው።

*

ሃሴትን የለቀቋት ማምሻውን ነው። ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ዋለ፤ ዐቃቤ ሕጉ የክሱን ፋይል ዘግቶ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። ኑሪያ በር ላይ ጠበቀቻት። የዓርብ ልብሷን ሽርጡን ሳይጨምር በፕላስቲክ ሰጥተዋታል።

መኪናው ውስጥ ኑሪያ የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገረቻት። ሃሴት የአክሊሉን የመጨረሻ ቃል ስትሰማ፣ መንገደኞቼን አላታልልም ያለውን፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አንቺም ጠርጥረሽኝ ነበር?» አለች በኋላ።

«ጠርጥሬሽ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እሳቸው ራሳቸው እስኪናገሩ።»

ሃሴት ይህን አሰበችበት። «ደግ አደረግሽ» አለች። «በእንባዬ አምነሽ ቢሆን ኖሮ ነገ ሌላ ሰው በእንባው ያታልልሽ ነበር።»

ፀሐይ ገባች። ኑሪያ የጓንት ሳጥኑን ከፍታ የቴምር ከረጢት አወጣች፤ አንዱን ጎርሳ ከረጢቱን ዘረጋችላት። ሃሴት እጇን ላከች፣ ከዚያ ቆም ብላ አየችው። ቴምር ለሁለቱም ጾም ይሆናል። በላች።

ስልኳ እየበራ ነበር። አዲስ አበባ ሊነጋጋ ነው፤ እናቷ አልተኙም። አንድ ጊዜ እንደደወለች አነሱ። ሃሴት ደህና ነኝ አለች፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አለች፣ ረቡዕ እንዳለ ነው አለች። እናቷ ምን እንደመለሱ ኑሪያ አልሰማችም። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የልጅ ነበር፤ ከእንቅልፍ የተነሳ፣ የጎረነነ። በቃለ መጠይቁ ቀን ምን ልልበስ ብላ ጠየቀች።

ሃሴት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም።

ኑሪያ መኪናውን ወደ ዳር አውጥታ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች። መንገዱን ማየት ቀጠለች። ልጅቱ በዚያ ማዶ፣ እማዬ ትሰሚኛለሽ፣ እማዬ፣ ትል ነበር።

«እሰማሻለሁ» አለች ሃሴት በመጨረሻ። «ሰማያዊውን ልበሺ።»